ስለ ማግኔትና ኤሌክትሮማግኔት ስናጠና የምንሳሳታቸው ነገሮች

ማግኔት ቀላል ትምህርት ይመስላል። ይስባል፣ ይገፋል፣ ሁለት ዋልታ አለው፣ አለቀ። ፈተና ላይ ግን ጎበዝ የሚባሉት ሳይቀሩ ነጥብ የሚጥሉት እዚሁ ላይ ነው። ደጋግሜ ካየኋቸው ስህተቶች ዋና ዋናዎቹን ላንሳ።

"ማግኔት ብረት ሁሉ ይስባል"

ጥፋቱ በከፊል የቃሉ ነው። በዕለት ንግግራችን "ብረት" ስንል ጠንካራና የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ይገባበታል። በሳይንስ ግን ብረት አንድ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር ነው። ተራ ማግኔት በግልጽ የሚስባቸው ብረት፣ ኒኬል፣ ኮባልትና እነሱ ያሉባቸው አንዳንድ ቅይጦች ናቸው። መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ወርቅና ብር ቢያስጠጉባቸውም ንቅንቅ አይሉም። "አንዳንድ ቅይጦች" ያልኩት በምክንያት ነው። ከማይዝግ ብረት ዓይነቶች መካከል፣ አብዛኛው ክፍሉ ብረት ሆኖ ሳለ ማግኔት የማይዘው አለ።

የተሳበውን ሁሉ ማግኔት ነው ማለት

ሁለት ዘንጎች ተሳሳቡ እንበል። ሁለቱም ማግኔት ናቸው? ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ ተራ ብረት ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት ተራ ብረትን በሰሜን ዋልታውም በደቡብ ዋልታውም ይስባልና። ቁርጡን የሚያሳውቀው መገፋፋት ነው። ከተገፋፉ ሁለቱም ማግኔት ናቸው። ይህቺ ጥያቄ ፈተና ላይ በተለያየ መልክ ስለምትመላለስ በደንብ ያዟት።

ዋልታን ከቻርጅ ጋር ማደባለቅ

ሰሜን ዋልታ ፖዘቲቭ፣ ደቡብ ዋልታ ኔጋቲቭ አይደለም። ፖዘቲቭ ቻርጅን ለብቻው ማግኘት ይቻላል። ሰሜን ዋልታን ለብቻው ያገኘ ግን እስካሁን የለም። ማግኔቱን ለሁለት ብትቆርጡት የምታገኙት ሁለት ትናንሽ ማግኔቶች ነው፤ እያንዳንዳቸውም ሰሜንና ደቡብ አላቸው። ቆሞ ያለ ቻርጅም ማግኔታዊ መስክ አይፈጥርም። መስክ የሚፈጥረው ቻርጁ ሲንቀሳቀስ ነው። ዴንማርካዊው ሳይንቲስት ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 ያየው ይህንን ነው፦ ሽቦው ውስጥ ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ሲያልፍ አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዞረ።

ኮምፓስን ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። የመርፌው ሰሜን ዋልታ ወደ ሰሜን ያመለክታል። የሚሳሳቡት ደግሞ ተቃራኒ ዋልታዎች ናቸው። ስለዚህ በምድር ሰሜን በኩል ያለው የማግኔት ዋልታ፣ በፊዚክስ ቋንቋ፣ ደቡብ ዋልታ ነው። መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፤ በወረቀት ላይ ስትስሉት ግን ይገባችኋል።

ኤሌክትሮማግኔትን በባዶ ሽቦ መጠምጠም

ኤሌክትሮማግኔት ማለት ብረት ላይ በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ ከረንት ሲያልፍ የሚፈጠር ማግኔት ነው። ሚስማር፣ ሽቦና ባትሪ ድንጋይ ይዘው "አልሠራልንም" የሚሉ ልጆች ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሽቦው ነው። ሽፋን የሌለው ሽቦ ሚስማር ላይ ስትጠመጥሙ ዙሮቹ እርስ በርሳቸውም ከሚስማሩም ጋር ይነካካሉ። ከረንቱ ዙር እየዞረ ከመሄድ ይልቅ በአቋራጭ ያልፋል። እንግሊዛዊው ስተርጅን እ.ኤ.አ. በ1825 የመጀመሪያውን ኤሌክትሮማግኔት ሲሠራ የጠመጠመው ባዶ ሽቦ ነበር፤ ቫርኒሽ የቀባው ብረቱን ነው። ስለዚህም ዙሮቹን አራርቆ መጠምጠም ነበረበት። በኋላ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆሴፍ ሄንሪ ሽቦውን ራሱን ሸፈነው። ያኔ ዙሮቹን አቀራርቦ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ መጠምጠም ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1831 የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ ግራም በላይ አንስቷል! ለውጡን ያመጣው ያ ቀላል ሽፋን መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ቫርኒሽ የተቀባ የመዳብ ሽቦ ሲያዩት ባዶ ይመስላል። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት ካልፋቃችሁ ከረንት አያልፍም።

"ዙር በጨመረ ቁጥር ሁሌም ይጠነክራል"

መጽሐፉ እንዲህ ሲል አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ከረንቱ ሳይቀየር። ጥንካሬውን የሚወስነው የዙሮቹ ብዛት በከረንቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። 50 ዙር በ2 አምፔር 100 ይሰጣል። 100 ዙር በ1 አምፔርም ያው 100 ነው። ሽቦው ሲረዝም ሬዚስታንሱ (ከረንቱን የመከላከል ባሕርይው) ይጨምራል፤ በዚያው ባትሪ ደግሞ ከረንቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ቀጭን ሽቦ እያረዘማችሁ ብትጠመጥሙ የጠበቃችሁትን ያህል ላታገኙ ትችላላችሁ። ከረንት መጨመርም ወሰን አለው። የብረቱ እምብርት (በጥምጥሙ መሃል ያለው ብረት) አንድ ደረጃ ላይ ይጠግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ጥንካሬ በጣም ትንሽ ነው።

እባካችሁ እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። አጭር ሽቦ ከባትሪ ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይግላል። ለጥቂት ሰከንድ ሞክራችሁ አላቅቁት። የግድግዳ ሶኬት ላይ ግን በፍጹም አትሰኩት፤ ይገድላል።

እምብርቱን ከአረብ ብረት መሥራት

አረብ ብረት ከረንቱ ከጠፋ በኋላም ማግኔትነቱን ይዞ ይቆያል። ለቋሚ ማግኔት ጥሩ ነው። ቁርጥራጭ ብረት አንስቶ መልሶ መጣል ላለበት ክሬን ግን አይሆንም። ለዚያ የሚያስፈልገው ቶሎ ማግኔት ሆኖ ቶሎ የሚለቀው ለስላሳ ብረት ነው። ሚስማራችሁ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ አንድ ሁለት ስፒል ይዞ ከቀረ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ባትሪውን ማገላበጥ

ባትሪው ሲገለበጥ ማግኔቱ መሳቡን አያቆምም። ስፒሎቹን እንደ በፊቱ ይስባል፤ የሚቀያየሩት ዋልታዎቹ ናቸው። ዋልታውን ለማወቅ የቀኝ እጃችሁን ጣቶች ከረንቱ በጥምጥሙ ላይ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ፣ እጠፏቸው። አውራ ጣታችሁ ወደ ሰሜን ዋልታው ያመለክታል። ቀኝ እጃቸው እስክሪብቶ ስለያዘ ብቻ ሳያስቡት በግራቸው የሚሞክሩ አሉ፤ መልሱም ተገልብጦ ይወጣል። እስክሪብቶውን መጀመሪያ አስቀምጡት።