ጎብኚ ብራና የሚነካበት ጠረጴዛ አዘገጃጀት

የብራና መጻሕፍት የሚታዩበት አነስተኛ ሙዚየም ወይም የገዳም ዕቃ ቤት ውስጥ «አትንኩ» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን እጅ አይመልስም። ሰው ቆዳውን መዳሰስ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የሚዳስሰው ሌላ ብራና፣ የሚጽፍበት መቃና ቀለምም ጠረጴዛ ላይ አቅርቡለት። ስክሪን አንመክርም። መብራት በጠፋ ቁጥር ይጨልማል፣ ሲበላሽም ጠጋኙ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

ቀለም ያለበት ጠረጴዛ ከቅርሶቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፤ ሁለተኛ ክፍል ከሌለ በረንዳ ይሻላል። ለጥንታዊ ብራና ከ50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያልበለጠ ብርሃን ነው የሚመከረው፣ በዚያ ብርሃን ደግሞ መጻፍ ያስቸግራል። ጠረጴዛው 75 ሳ.ሜ ከፍታ ይኑረው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የመጣ ሰው ጉልበቱ እንዲገባለት ከሥሩ 70 ሳ.ሜ ያህል ክፍት ይሁን። 1.80 ሜትር ርዝመት በግራና በቀኝ ስድስት ሰው ይይዛል።

ከብራና ፋቂ የፍየል ቆዳ በሦስት ደረጃ ግዙ፦ ጠጉሩ ያልተነሣለት፣ መወጠሪያ ላይ ሆኖ ግማሹ የተፋቀ፣ ያለቀለትና በወስፌ የተሰመረ። የመጀመሪያው በደንብ ካልደረቀ ይሸታል፣ ነፍሳትም ይስባል፤ ሲቀበሉ አሽትቶ መቀበል ነው። የተወጠረው በክረምት እርጥበት ይላላል፣ በበጋ ደግሞ ከርሮ ሊቀደድ ይችላል፤ ስለዚህ ገመዱን እንደ ወቅቱ አጥብቁ፣ አላሉ።

ትልቁ ትምህርት ያለው ባለቀው ብራና ላይ ነው። የጠጉሩ ወገን ቢጫ ይላል፣ ጠጋ ብለው ሲያዩት የጠጉሩ ቀዳዳዎች እንደ ነጠብጣብ ይታያሉ፤ የሥጋው ወገን ነጣ ያለ ነው። መግለጫውን በጥያቄ ጀምሩ፦ «ጠጉር የነበረበት የትኛው ወገን ነው?» መልሱ በሚከፈት ክዳን ሥር ይሁን። ጽሑፉ ከ40 ቃል አይለፍ።

ከአሮጌ መጽሐፍ የወደቀ ቅጠል ለመዳሰሻ አታውሉ፣ ባለቤት የሌለው ቢመስልም። ቅርስ ነው፣ ለካህናቱም ቅዱስ ነው።

ለመጻፊያ መቃውን በ15 ሳ.ሜ ቁረጡ፤ ጫፉን አግድመት ቅረጹና መሐሉን 1 ሳ.ሜ ያህል ሰንጥቁት። ስንጥቁ ከሌለ ቀለሙ አንድ ጊዜ ዱብ ይላል። የቁም ጸሐፊ (ብራና ላይ በእጅ የሚጽፍ ባለሙያ) ቀለም ለመዘጋጀት ወራት ይፈጃል፤ ለጎብኚ 10 ግራም ጥላሸት፣ 10 ግራም የግራር ሙጫ፣ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። ሙጫውን ውሃው ውስጥ አሳድሩት። ጥላሸቱ ውሃ ላይ ይንሳፈፋልና መጀመሪያ በጥቂት ጠብታ አረቄ ለውሱት፣ ከዚያ ሙጫውን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ እሹት። ሙጫ ካነሰው ደርቆም ጣት ያጠቁራል፤ ከበዛበት ያብለጨልጭና ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ጥላሸት ከልብስ አይለቅም፤ ሽርጥ የግድ ነው። ጽዋዎቹን በተቦረቦረ እንጨት ውስጥ ትከሉ፣ ቀለሙም ከ1 ሳ.ሜ አይጠልቅ።

ጎብኚው በወፍራም ወረቀት ላይ የራሱን ስም ይጻፍ። የቅዱሳንን ስም ወይም ጥቅስ አታስጽፉ፤ ወረቀቱ መንገድ ላይ ይጣላልና ቅሬታ ያመጣል። ውጭ አገር ተወልደው ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ድምፁን በሚያውቁት ቋንቋ የሚያሳይ የፊደል ገበታ አስቀምጡ። አስጎብኚው በብራና ቁራጭ ላይ አንድ ቃል አሳስቶ ይጻፍና በምላጭ ፍቆ ያርመው፤ ብራና ከወረቀት የሚለይበትን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

50 ተማሪ ሲመጣ ስድስት ስድስቱን በሰባት ደቂቃ አሳልፉ፤ የቀሩት አዳራሹን ይጎብኙ። በመጀመሪያው ሳምንት ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ፦ «ምን ላድርግ?» የሚል ከበዛ ጥፋቱ የመግለጫው ነው።

ማታ መቃዎቹን እጠቡ፣ ቁጠሩም፤ ልጆች ኪሳቸው ይከታሉ። ሙጫ ሻጋታ ስለሚያወጣ ቀለሙን በየሳምንቱ አዲስ በጥብጡ።