ስለ አንጎል የሰውነት ካርታ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዋይልደር ፔንፊልድ ሞንትሪያል ውስጥ የሚሠራ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ሕመምተኞቹ ቀዶ ሕክምናው ላይ ነቅተው ያወሩታል። አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው ይህ ይቻላል። ሐኪሙ የአንጎልን ገጽ በትንሽ ኤሌክትሪክ ነካ ያደርግና ምን እንደተሰማቸው ይጠይቃል። አንዱ ቦታ ሲነካ አውራ ጣት ይነዝራል፤ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ከንፈር። ከዚህ የትኛው የአንጎል ቦታ የትኛውን አካል እንደሚወክል የሚያሳይ ካርታ ተገኘ። እያንዳንዱ አካል አንጎል ላይ በያዘው ቦታ ስፋት ልክ የተሳለበት ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1937 ወጣ፦ እጁና ከንፈሩ የገዘፈ፣ ወገቡ የሳሳ አስቂኝ ሰውዬ። ሥዕሉ ታዋቂ ሆነ፤ ስህተቱም አብሮት ተዛመተ።

የመጀመሪያው ስህተት፦ «ካርታው ላይ ሰፊ ቦታ የያዘ አካል የበለጠ ደስታ ይሰጣል»

አይደለም። ስፋቱ የሚያሳየው የአነካክን ዝርዝር የመለየት ችሎታን ነው። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አጥፉና ሁለቱን ጫፎች አንድ ሴንቲሜትር ያህል አራርቁ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ጣቱ ጫፍ ላይ ስታሳርፉት «ሁለት ነው» ይላል። ጀርባው ላይ ግን «አንድ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። ጀርባ ሁለቱን ለመለየት ወደ አራት ሴንቲሜትር ርቀት ይፈልጋል።

ታዲያ ያ «ደነዝ» ጀርባ በቀስታ ሲዳበስ ለምን ደስ ይላል? ጸጉር ያለው ቆዳችን ውስጥ ሌላ ዓይነት ቀጫጭን ነርቮች ስላሉ ነው። መልእክታቸውን ቀስ ብለው ነው የሚያደርሱት። በደንብ የሚነቁት በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሚጓዝ፣ እንደ ሰው ገላ ሞቅ ባለ ንክኪ ነው። መልእክታቸው በዋናነት የሚሄደውም ያ ታዋቂ ካርታ ላይ ሳይሆን ኢንሱላ ወደሚባል የአንጎል ክፍል ነው። እኔን በግሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ሰውነታችን የመዳበስን ፍጥነት ይለካል። ችኩል እጅ እነዚህን ነርቮች እምብዛም አይቀሰቅስም።

ሁለተኛው፦ «እግርና ብልት ካርታው ላይ ጎረቤት ስለሆኑ ነው አንዳንዱ በእግር የሚማረከው»

ወሬው ይጥማል። ፔንፊልድ ብልትን ከእግር ጣቶች በታች አስቀምጦት ነበር። ነገር ግን ይህን ስሜት የነገሩት ሕመምተኞች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ ጭንቅላት ተከፍቶ ማን እንዲህ ያለ ነገር በነፃነት ይናገራል? በኋላ በአንጎል ምስል የተሠሩ ጥናቶች ብልትን በዳሌና በጭን አካባቢ አገኙት፤ ልክ ገላችን ላይ እንዳለው። ጉርብትናው ከተናጋ በእሱ ላይ የቆመው ማብራሪያም አብሮ ይናጋል።

ሦስተኛው፦ ካርታውን ድንጋይ ላይ የተቀረጸ፣ ወይም እንደ ሊጥ የሚለወስ አድርጎ ማሰብ

ሁለቱም ማጋነን ነው። የቫዮሊን ዓይነት መሣሪያ ተጫዋቾች ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ጥናት የግራ እጅ ጣቶቻቸው ከሌላው ሰው የሰፋ ቦታ እንዳላቸው አሳይቷል። በሌላ በኩል እጁ የተቆረጠ ሰው ከዓመታት በኋላም የሌለውን እጁን «አንቀሳቅስ» ሲባል የእጁ ቦታ ሥራውን ይጀምራል። የሌለ እጅ የሚያመው ሰው ስታገኙ «በሐሳብህ ነው» አትበሉት። ሕመሙ የእውነት ነው።

አራተኛው፦ ፍላጎትን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ቆዳ ላይ መፈለግ

ራሳችሁን ለመኮርኮር ሞክሩ። አይሆንም፤ አንጎል የገዛ እጃችሁን አመጣጥ ቀድሞ ስለሚያውቀው ስሜቱን ያደበዝዘዋል። የምትወዱት ሰው አንገታችሁን ሲነካ የሚሰማችሁና የማታውቁት ሰው ታክሲ ውስጥ እዚያው ቦታ ሲነካችሁ የሚሰማችሁም አንድ አይደለም። ቆዳው ግን ያው ነው። ፍርሃት፣ ድካም፣ ኩርፊያ ሁሉ ገብተውበታል።

እዚህ ላይ እኔም ራሴ ለረጅም ጊዜ ተሳስቼ ነበር። «ካርታው የት እንደተነካን ብቻ ይመዘግባል፤ መውደድና መጥላት ሌላ ቦታ ይጨመራል» እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ግን ሌላ አሳየ። ሴት የሚማርካቸው ወንዶች የአንጎል ምስል የሚያነሳ ማሽን ውስጥ ተኝተው እግራቸው ይዳበሳል። አንዴ የምትዳብሳቸው ሴት መሆኗን፣ አንዴ ደግሞ ወንድ መሆኑን በቪዲዮ ያያሉ። በእውነቱ ሁልጊዜም የምትዳብሳቸው ያችው ሴት ናት። ልዩነቱ እዚያው ንክኪውን በሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ላይ ታየ።