አሮጌ ላፕቶፓችሁን ከመጣላችሁ በፊት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ (ነፃ የደህንነት ማሻሻያዎችን) ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ትውልድ በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ደህና የሚሠራ ዕቃ እኮ ነው!

መጀመሪያ ዲስኩን እዩ። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ግቡና ዲስክ የሚለውን ንኩ። ኤችዲዲ (የድሮው፣ የሚሽከረከረው ዲስክ) የሚል ካያችሁ፣ ማሽኑን የሚያንቀረፍፈው በአብዛኛው እሱ ነው። በ2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) ቀይሩት። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት 256 ጊጋባይት ይበቃል፤ ሻጩ ትልቁን ካልወሰዳችሁ ቢላችሁም አትስሙት። ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) 4 ጊጋ ከሆነ 8 አድርሱት። ግን የራሙ ዓይነት ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 ሳታረጋግጡ ብር አታውጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ከዚያ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ስርዓተ ክወና፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ በነፃ አውርዱ። ፍላሽ ላይ አዘጋጁትና ዲስኩን ሳትነኩ ከፍላሹ አስነሱት። ዋይፋዩ፣ ድምፁና ካሜራው መሥራታቸውን እዚያው ሞክሩ። ከወደዳችሁት ፎቶና ሰነዶቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡና ጫኑት። አብሮት የሚመጣው ሊብሬኦፊስ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል።

በፒችትሪ ለሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ግን ይሄን አልመክርም። ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው።