የባክ ኮንቨርተር ሞጁል ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ኤልኤም2596 የተባለው ቺፕ የተገጠመለት ባክ ኮንቨርተር (ቮልቴጅ ቀናሽ) ሞጁል ሲያስቸግር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቺፑ ነው። ቺፑን ከመንቀላችሁ በፊት ግን 4ኛ እግሩን ለኩ። ጽሑፉ ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ከግራ ሲቆጠሩ 1 መግቢያ፣ 2 መውጫ፣ 3 ግራውንድ፣ 4 ፊድባክ (ቺፑ የመውጫውን ቮልቴጅ የሚያይበት)፣ 5 ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው። ሞጁሉ ጤነኛ ከሆነ መውጫው 3.3 ቮልትም ይሁን 9 ቮልት፣ 4ኛው እግር ላይ ሁልጊዜ 1.23 ቮልት ገደማ ይነበባል። ከዚህ የወጣ ቁጥር ካገኛችሁ ጥፋቱ በየት በኩል እንዳለ እሱ ራሱ ይነግራችኋል።

ምርመራው ሁሉ የሚጀምረው ሎዱን (ከሞጁሉ ኃይል የሚወስደውን ዕቃ) ነቅሎ ነው። መግቢያውን 12 ቮልት፣ የከረንት ገደቡን 100 ሚሊአምፔር ላይ አድርጉ። ገደብ ያለው ፓወር ሰፕላይ ከሌላችሁ 47 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር በመግቢያው ገመድ ላይ በተከታታይ ግጠሙ። ሾርት ቢኖር እንኳ ከ260 ሚሊአምፔር በላይ አያልፍም፤ ቀሪው ሞጁል አይቃጠልም።

መውጫው እንደ መግቢያው ከፍ ብሎ ቀርቷል፣ ትሪመሩ (ቮልቴጅ ማስተካከያው ባለ ብሎን ሬዚስተር) ቢዞርም አይወርድም

በጣም የተለመደው ይኼ ነው፤ አደገኛውም ይኼ ነው። ሎዱ ያልተነቀለ እንደሆነ 5 ቮልት የሚፈልገው ዕቃ 12 ቮልት ይቀበላል።

አዲስ ሞጁል ከሆነ ምናልባት ምንም አልተበላሸም። በብዙዎቹ ላይ ያለው ትሪመር 10 ኪሎ ኦም ባለ ብዙ ዙር ነው፤ ከፊድባክ ወደ ግራውንድ የሚሄደው ሬዚስተር ደግሞ 330 ኦም አካባቢ ነው። ትሪመሩ ጫፍ ላይ ከሆነ ቺፑ የታዘዘው ወደ 38 ቮልት እንዲያወጣ ነው። 12 ቮልት ከሰጣችሁት ያለውን ሁሉ ይለቃል። ስለዚህ ብሎኑን ወደ ግራ አሥር፣ አሥራ አምስት ዙር እስክታዞሩ ድረስ መልቲሜትሩ ላይ ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል። ብሎኑ ጫፍ ሲደርስ አይቆምም፤ ቀጭን ጠቅታ እያሰማ በባዶ ይዞራል።

አሁንም ካልወረደ 4ኛውን እግር ለኩ።

ከ0.3 እስከ 1.2 ቮልት ከሆነ ማዞሩን ቀጥሉ፤ ትሪመሩ ገና ከፍተኛው በኩል ነው። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ትሪመሩ ውስጡ ተበጥሷል ወይም ሶልደሩ ለቋል፤ ቺፑ መውጫው የወደቀ ስለሚመስለው ያለማቋረጥ ይገፋል። ከ1.23 በላይ ሆኖ መውጫው ካልወረደ ደግሞ በቺፑ ውስጥ ያለው ማብሪያ ትራንዚስተር ሾርት ሆኗል፤ ቺፑ ይቀየራል። ለዚህ ሌላ ማረጋገጫ አለ፦ ጤነኛ ቺፕ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም እንኳ መውጫው ከመግቢያው ከግማሽ ቮልት በላይ ያንሳል። ሁለቱም ልክ 12.0 ካነበቡ ማብሪያው ሽቦ ሆኗል ማለት ነው።

ቮልቴጁ አንዴ ከተወሰነ በኋላ የማይቀየር ከሆነ ትሪመሩን አውጥቶ ቋሚ ሬዚስተር መግጠም በጣም ይመከራል። በ330 ኦም ላይ 1 ኪሎ ኦም ስትገጥሙ 4.96 ቮልት ታገኛላችሁ። ንዝረት ያለበት ቦታ ላይ ትሪመር መተው ለዕቃው አለማሰብ ነው።

መውጫው ላይ ምንም የለም

በ1 እና በ3 መካከል 12 ቮልት መኖሩን አረጋግጡ፤ ገመዱ ላይ ሳይሆን እግሩ ላይ። ካለ 5ኛውን እዩ፤ ከ2 ቮልት በላይ ከሆነ ሞጁሉ በትእዛዝ ጠፍቷል፣ ወደ ግራውንድ ይመለስ።

ቮልቴጁ ወርዶ ፓወር ሰፕላዩ ገደብ ላይ ከቆመ ሾርት አለ። አጥፉና ዳዮዱን አንድ ጫፉን አንሥታችሁ ለኩ። ዳዮዱ ሾትኪ የተባለው ዓይነት ነው፤ ጤነኛው በአንድ በኩል 0.15 እስከ 0.35 ቮልት ያሳያል፣ በሌላው ክፍት ነው። ጫፉን ሳያነሡ መለካት ያሳስታል፤ የመውጫው ካፓሲተር ሾርት ቢሆንም በኢንዳክተሩ በኩል ዳዮዱ የሞተ ይመስላልና። ምትኩ ኤስኤስ34 ሲሆን፣ 40 ቮልት ስለሚችል እስከ 32 ቮልት መግቢያ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ኤስኤስ36 ይግባ።

ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጦ ተሰጥቶት ከነበረ የመግቢያውን ኤሌክትሮላይቲክም አብራችሁ ቀይሩ።

ያለ ሎድ ደህና ነው፣ ሎድ ሲገባ ይወድቃል

እዚህ ላይ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ምንጩና ገመዱ ነው። 5 ቮልት በ2 አምፔር ማለት 10 ዋት ነው፤ ከብክነቱ ጋር ከ12 ቮልት 1 አምፔር ገደማ ይስባል። ቀጭን ገመድ ቮልቴጁን ሲያወርደው ሞጁሉ ያንኑ 10 ዋት ለመሙላት ይበልጥ ይስባል፣ ቮልቴጁም ይበልጥ ይወርዳል፤ እንዲህ እያለ ምንጩን ይጥለዋል። ሎዱ እየሠራ መግቢያውን እግሩ ላይ ለኩ። ከመውጫው ቢያንስ በ2 ቮልት ካልበለጠ ገመዱን አወፍሩ ወይም ምንጩን ቀይሩ።

መግቢያው ካልወረደ የመውጫውን ካፓሲተር ተመልከቱ። አናቱ ቢያብጥ ወይም ሥሩ ላይ ቡናማ እርጥበት ቢታይ በ220 ማይክሮፋራድ 35 ቮልት ዝቅተኛ ኢኤስአር (ውስጣዊ ኦም) ባለው ይተካ፤ ተራ ካፓሲተር ቶሎ ይግላል።

ከልክ በላይ ይግላል

3 አምፔር የቺፑ ገደብ እንጂ ለትንሿ ቦርድ የተሰጠ ዋስትና አይደለም። በ12 ቮልት መግቢያ 5 ቮልት 3 አምፔር ሲያወጣ ቅልጥፍናው 80 በመቶ ገደማ ስለሆነ ወደ 4 ዋት የሚጠጋው ሙቀት ይሆናል። ያለ ሂትሲንክ (ሙቀት ማስወጫ ብረት) ከ2 አምፔር አትለፉ።

በ1 አምፔርም እጅ ካቃጠለ ኦሲሎስኮፕ 2ኛው እግር ላይ አድርጉ። ትክክለኛው ኤልኤም2596 በ150 ኪሎኸርዝ ይሠራል። 50 አካባቢ ካያችሁ ቺፑ ስሙ ብቻ የተጻፈበት ሌላ ዓይነት ነው። 33 ማይክሮሄንሪ ኢንዳክተር በ150 ኪሎኸርዝ 0.6 አምፔር ገደማ ሪፕል (የከረንት መዋዠቅ) ይሰጣል፤ በ52 ግን 1.7 ይደርሳል። ኢንዳክተሩ ሳቹሬት የሚያደርገው (መግነጢሳዊ አቅሙ የሚሞላው)፣ ካፓሲተሩም የማይበቃው በዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ሞጁል ከግማሽ አምፔር በታች ለሚበቃ ሥራ አውሉት፣ ወይም ኢንዳክተሩን በ100 ማይክሮሄንሪ 3 አምፔር ቀይሩት።

ኤምፒ1584 የተባለው ቺፕ ያላቸው ትናንሾቹ ሞጁሎች ሲሰኩ ይሞታሉ

የእነዚህ የመግቢያ ገደብ 28 ቮልት ሲሆን መግቢያቸው ላይ ያለው ሴራሚክ ካፓሲተር ብቻ ነው። በረጅም ገመድ 24 ቮልት ሲሰካ ቮልቴጁ ለቅጽበት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በመግቢያው ላይ 47 ማይክሮፋራድ 50 ቮልት ኤሌክትሮላይቲክ ጨምሩ፤ ዝላዩን የሚውጠው የካፓሲተሩ የራሱ ውስጣዊ ኦም ነውና ሌላ ሴራሚክ አይተካውም።