«ለበጎ ነው» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

አማርኛ ለሚናገር አይሁዳዊ «ጋም ዙ ለቶቫ» የሚለው የዕብራይስጥ አባባል አዲስ ነገር አይደለም። «ይህም ለበጎ ነው» ማለት ነው፤ እናቶቻችን በየቀኑ የሚሉት። በታልሙድ፣ ማለትም በጥንት ረቢዎች የሕግና የትረካ መጽሐፍ፣ ናሁም የሚባል ሰው አለ፤ የደረሰበትን ሁሉ በዚህች ቃል ስለሚቀበል ስሙ «ኢሽ ጋምዙ»፣ የ«ጋም ዙ» ሰው፣ ሆኖ ቀረ። ቃሏ አፋችን ላይ ስለቀለለች ግን አጠቃቀሟንም የምናውቅ ይመስለናል።

ለሌላ ሰው «ለበጎ ነው» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። ከሥራ ለተቀነሰ ጓደኛዬ ስልክ ደውዬ «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ዝምታው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

በታልሙድ ያለውን የሊቁን የረቢ አቂቫን ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። አንድ ከተማ ደርሶ ማደሪያ ሲከለክሉት «ፈጣሪ የሚያደርገው ሁሉ ለበጎ ነው» ብሎ ሜዳ ላይ አደረ። መብራቱን ነፋስ አጠፋበት። ዶሮውን ድመት፣ አህያውን አንበሳ በላበት። አሁንም ያንኑ አለ። በዚያው ሌሊት ጦር መጥቶ የከተማውን ሰው ማርኮ ሄደ፤ ሜዳ ላይ ያደረው እሱ ግን ተረፈ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መጨረሻው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን አህያው የማን እንደነበር ነው። የራሱ ነበር። የጎረቤቱን አህያ አንበሳ ሲበላው ቆሞ «ለበጎ ነው» አላለም።

የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ ዝም ብለው ተቀመጡ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በሺቫም፣ በሰባቱ የሐዘን ቀናት፣ ሐዘንተኛው ቀድሞ እስኪናገር አጽናኙ አይናገርም። ልቅሶ ቤት ጥግ ይዞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ የእኛ ሰው ያውቀዋል።

እንባን እንደ እምነት ማነስ መቁጠር

የታልሙድ መሠረት የሆነው ሚሽና «ሰው ስለ በጎው እንደሚባርክ ስለ ክፉውም ይባርክ» ይላል። ቡራኬዎቹ ግን ይለያያሉ። የምሥራች ሲሰማ ፈጣሪን «በጎ የሆነና በጎ የሚያደርግ» ይለዋል፤ መርዶ ሲሰማ «እውነተኛው ዳኛ»። የቅርብ ዘመዱ ሲሞት ልብሱንም ይቀድዳል። ሁለቱ ቡራኬዎች አንድ የሚሆኑት፣ ይላል ታልሙድ፣ በሚመጣው ዓለም ነው። እዚህ ዓለም ላይ መርዶን የምሥራች ብለህ ጥራ ያለህ የለም።

«የጠየቅኩት ይሆናል» ብሎ መተማመን

ቢታሖን፣ ማለትም በፈጣሪ መታመን፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይተረጎማል፦ ካመንክ ውጤቱ ያማረ ይሆናል። በቅጽል ስማቸው ሐዞን ኢሽ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በእስራኤል ከተማ በብኔ ብራቅ ያረፉት ረቢ፣ ይህን ሥር የሰደደ ስህተት ይሉታል። በእሳቸው አባባል ቢታሖን ነገ ምን እንደሚሆን ማወቅ አይደለም። የሚሆነው ሁሉ በአጋጣሚ እንዳልሆነ፣ ከፈጣሪ እንደሆነ ማመን ነው። ልዩነቱ የሚታየው የምርመራው ውጤት መጥፎ ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ዓይነት እምነት እዚያው ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ይሰበራል።

እጅ አጣጥፎ መቀመጥ

ይሄን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ታልሙድ ለሐኪም የማከም ፈቃድ ተሰጥቶታል ይላል። የሰው ድርሻ «ሂሽታድሉት» ይባላል፤ መጣጣር ማለት ነው። መድኃኒትህን ዋጥ።

ብቻዬን ልቻለው ማለት

የታልሙዱ ሊቅ ረቢ ዮሐናን አሥር ልጆቹን ቀብሯል። «ይህ የአሥረኛው ልጄ አጥንት ነው» እያለ ያሳይ ነበር። የታመመ እየጠየቀ፣ እጁን ይዞ የሚያስነሣም እሱ ነበር። መከራን ስለ መቀበል ከእሱ በላይ ማን ያስተምር? አንድ ቀን ግን ራሱ ታመመ። ረቢ ሐኒና ሊጠይቀው መጣና «መከራህን ትወደዋለህ?» አለው።

«እሱንም ዋጋውንም አልፈልግም።»

ሐኒና አልገሠጸውም፤ ስብከትም አልጀመረም። «እጅህን ስጠኝ» አለው። ሰጠው፣ አስነሣው። ታዲያ ሌላውን የሚያስነሣው ዮሐናን ራሱን ለምን አላስነሣም? ታልሙድም ይሄንኑ ይጠይቃል፤ መልሱ፦ እስረኛ ራሱን ከእስር ቤት አያስፈታም።

ጓደኛዬ ቤት የሄድኩት ከሳምንት በኋላ ነው። ስለ በጎም ስለ ክፉም አላነሣሁም። ቡና ጠጣን፣ ከዚያ ሲቪውን አብረን አስተካከልን።