ለራሱ የሚሠራ የፋይናንስ አማካሪ የዓመት ዕረፍቱን እንዴት ይውሰድ?

ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የዓመት ፈቃዱን የሚጠይቀው አለቃውን ሲሆን፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ያገኛል። እንደ እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ቢሮ ከፍቶ የነጋዴዎችን ሒሳብ የሚይዝ፣ በግብር እና በብድር ጉዳይም የሚያማክር ሰው ግን ፈቃጁ የግብር ማሳወቂያ ጊዜ ስለሆነ፣ ዕረፍት ሲያስብ አስቀድሞ የቀን መቁጠሪያ መዘርጋት አለበት።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች፣ ማለትም ድርጅቶችና ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ ያላቸው ነጋዴዎች፣ ዓመታዊ ሒሳባቸውን እስከ ጥቅምት 30 ስለሚያሳውቁ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ ለዕረፍት አያስቡት። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ወርሃዊው ሥራ ነው፤ የጥቅምት ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዋጮ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጊዜ ቢኖራቸውም፣ ደንበኞች ደረሰኛቸውን ኅዳር 5 እንዲያስረክቡ አድርገው እስከ ኅዳር 15 ከጨረሱት፣ የኅዳሩ ሥራ እስኪመጣ ድረስ እጅዎ ነጻ ይሆናል። ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 4 ያለው 19 ቀን፣ እሑዶቹ ሲቀነሱ፣ 16 ወይም 17 የሥራ ቀን ይወጣዋል። የነቢያት ጾምም በዚያው ሰሞን ስለሚገባ የሥጋ ወጪ አይኖርብዎትም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ዓመቱ በግምት 300 የሥራ ቀን ስለሆነ፣ 16 ቀን ማረፍ ከገቢው ከ5 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ድርሻ ይወስዳል። ከሚገባልዎ ከየ100 ብሩ 6 ብር በተለየ የቁጠባ ሒሳብ ቢያስቀምጡ የቀሩት ቀናት ይካካሳሉ፤ የጉዞው ወጪ ግን ለብቻው ነው። እኔ ለእርሱ ዕቁብ እገባለሁ፤ ዕጣው ቀድሞ ከወጣልኝ ብሩን አልነካውም፣ ካልወጣልኝም ኅዳር ላይ ዳኛውን አስፈቅጄ ከባለ ዕጣው ጋር ተራ እለዋወጣለሁ።

ዋናው ችግር ከገንዘቡ ይልቅ ሥራውን ለማን ትቶ መሄድ የሚለው ነው። በመጀመሪያው ዕረፍቴ ወደ ሸዋሮቢት ወርጄ በሦስተኛው ቀን አንድ ባለ ወፍጮ ቤት ደወለ፤ ለባንክ ብድር የሚያስፈልገው የሒሳብ መግለጫ ዋናው ቅጂ በመሳቢያዬ ተቆልፎ ነበር፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር። የጣርማበርን ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ ቁልፉን አድርሼ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ከመሄዴ በፊት ዋና ቅጂዎችን ሁሉ ለባለቤቶቻቸው በፊርማ አስረክባለሁ፣ ትርፍ ቁልፉም ከባለቤቴ ዘንድ ይቀመጣል።

የሚተካዎትን ባለሙያ ከሙያ ባልደረቦችዎ መካከል ይምረጡ፤ እርስዎ ደግሞ በእርሱ ዕረፍት ጊዜ፣ ለምሳሌ በመጋቢት፣ ይተኩታል። ደንበኛው ሳይስማማ የማንንም ሰነድ አያሳዩት፣ የግብር ማሳወቂያውን የይለፍ ቃልም አይስጡት፤ ግብር መሥሪያ ቤት በአካል መቅረብ የሚያስፈልግ ከሆነ ባለ ጉዳዩ ራሱ ሕጋዊ ውክልና ይስጠው። ለምትኩ የሚተውለት አስቸኳይ ደብዳቤ መመለስንና የተረሳ ደረሰኝ መቀበልን የመሰለ ሥራ ብቻ ሲሆን፣ «ልበደር ወይስ አልበደር» የሚለው ምክር እስኪመለሱ ይቆይ።

ለደንበኞች ከወር በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በቃል የተነገረ ይረሳል። ለምሳሌ «የተከበሩ ደንበኛዬ፣ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 4 በዕረፍት ላይ ስለምሆን የጥቅምት ደረሰኞችዎን እስከ ኅዳር 5 ያድርሱልኝ፤ አስቸኳይ ጉዳይ ካለዎ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ይደውሉ» ብለው ይጻፉላቸው። ቀን ቀን ስልክዎን ያጥፉ፤ አንዴ እንኳ ቀን ላይ ስልክ ካነሱ ያቺ የማታዋ ሰዓት ቀረች ማለት ነው። በዕድሜ የሚበልጡ ነጋዴዎች ግን መልእክት ብቻ ስለማያጠግባቸው፣ ሱቃቸው ድረስ ሄደው «ጋሼ፣ ልሰናበትዎ ነው» ማለት ይበጃል፤ የረሱትን ደረሰኝ የሚያስታውሱትም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

የመመለሻውን ቀን ለደንበኞች ሲያሳውቁ አንድ ቀን ይጨምሩበት፤ ታኅሣሥ 5 ቢሮ ቢገቡም ቀጠሮ የሚሰጡት ለ6 ይሁን።