ጎመንና አይብ የገባበት የቁርስ ማፊን

እኛ ቤት ጠዋት ተረጋግቶ ቁርስ የሚበላ ሰው የለም። ባለቤቴ ሚኒባስ ስለሚነዳ 12 ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ መድረስ አለበት። እህቱ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምትሠራው፤ ሰርቪሱ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም። ፍርፍር በእጅ ተይዞ አይበላም፣ ደረቅ ዳቦ በሻይ ደግሞ እስከ ምሳ አያደርስም። ስለዚህ ስኳር የሌለው፣ ጎመን፣ አይብ፣ ድንችና ቃሪያ የገባበት ማፊን፣ ማለትም ጉድጓዶች ባሉት ትሪ የሚጋገር ትንሽ ኬክ፣ መጋገር ለመድኩ። አማቴ መጀመሪያ የቀመሱት ቀን «ልጄ፣ ስኳሩን ረሳሽው እኮ» አሉኝ። አሁን «ቃሪያውን ጨመር አድርጊበት» የሚሉት እሳቸው ናቸው።

ማፊኑ ከባድ ሥራ የለውም፤ የሚያበላሸው ውሃ ብቻ ነው። ተራ ኬክ ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ የታወቀና የተለካ ነው። እዚህ ግን ጎመኑም፣ አይቡም፣ ሽንኩርቱም የየራሳቸውን ውሃ ይዘው ይመጡና ኦቨን ውስጥ ሲሞቁ ይለቁታል። ከላይ ቀልቶና አምሮ የወጣው ማፊን ሲቆረስ መሃሉ ሊጥ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው። ስለዚህ ብዙው ሥራ ማታውኑ፣ ከዱቄቱ በፊት ያልቃል።

ለ12 ማፊን የሚያስፈልገው ይሄ ነው፦ 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር (ጫፉ በቢላ የተስተካከለ)፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 እንቁላል፣ 240 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት። ውስጡ የሚገባው ደግሞ 100 ግራም የሚሆን አይብ፣ ተቀቅሎና ተጨምቆ አንድ እፍኝ የሚሞላ የሐበሻ ጎመን፣ አንድ ትንሽ የተቀቀለ ድንች፣ ግማሽ ራስ ቀይ ሽንኩርትና 2 ቃሪያ ነው። የሚያቃጥል የሚወድ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ይጨምር። ከዘይቱ ግማሹን በተነጠረ ቅቤ ብትተኩት የኮሰረቱ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። ለበዓል ካልሆነ ግን እኔ ቅቤ አላባክንበትም።

አይቡን እዚሁ ሐዋሳ፣ ከአሮጌ ገበያ ነው የምገዛው። በኮባ ተጠቅልሎ ሲመጣ ያረፈበት ሳህን ላይ አጓቱ ይንጠባጠባል። ንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ውስጥ ቋጥሩትና ከስሩ ጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ደርሷል። አጓቱን ግን እንዳትደፉት። ኮምጣጣ ስለሆነ ከወተቱ ግማሹን በእሱ ብትተኩት ማፊኑ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ ከቤኪንግ ፓውደሩ አንዱን የሻይ ማንኪያ አስቀሩና በምትኩ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አግቡ። በአይብ ፋንታ ፕሮቮሎኔ የሚባለውን የፈረንጅ አይብ የምትጠቀሙ ከሆነ እሱ ራሱ ጨው ስላለው የምትጨምሩትን ጨው በግማሽ ቀንሱ።

ጎመኑን ዘንጉን አውጡና በፈላ ውሃ ውስጥ 3 ወይም 4 ደቂቃ አቆዩት። ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ካለፈ አረንጓዴነቱ አይጠፋም። ከዚያ በጭብጣችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት፣ በደቃቁ ክተፉት፣ ከተከተፈ በኋላም እንደገና ጭመቁት። ሁለተኛው ጭመቃ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ግን ከተከተፈው ጎመን በጣቶቻችሁ መሃል የሚወርደውን ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ስታዩት መጀመሪያ ምን ያህል እንደቀረ ይገባችኋል።

ሽንኩርት ጥሬውን አይገባም። በ20 ደቂቃ ኦቨን ውስጥ አይበስልም፣ ውሃውን ብቻ ነው የሚተፋው። መጀመሪያ ደረቁን አቁላሉት፣ ውሃው ሲመጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጉና ወርቃማ እስኪሆን አቆዩት። ሲቀዘቅዝ ከጎመኑ፣ ከድንቹና ከቃሪያው ጋር ቀላቅሉና ክደኑት። ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውንም ለብቻ ለክታችሁ ማሳደር ትችላላችሁ። ፈሳሹን ግን ማታ ከዱቄቱ ጋር እንዳታገናኙት፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ሌሊቱን ሥራውን ጨርሶ ያድራል።

ስለ ቤኪንግ ፓውደር ካነሣሁ ላይቀር፦ ከውጭ የመጣ አሠራር ለዚህ መጠን ዱቄት ብዙ ጊዜ 3 የሻይ ማንኪያ ይላል። ያ የተጻፈው ለባሕር ወለል አካባቢ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል። ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ በፍጥነት ስለሚለጠጥ ሊጡ ሳይበስል ይነፋና መሃሉ ይሰምጣል። ውሃም እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቶሎ ይተንናል። 2 ያልኩት፣ ወተቱንም ያልቆጠብኩት ለዚህ ነው። አዳማ ያለችው ታናሽ እህቴ በዚሁ ልክ ትጋግራለች፣ ከፍታው ያው ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ወደ 1 ተኩል አውርዱት።

ጠዋት ተነሥታችሁ መጀመሪያ ኦቨኑን 200 ዲግሪ ላይ ለኩሱት፤ ትንሽ የጠረጴዛ ኦቨን ከሆነ 15 ደቂቃ ስጡት። እንቁላሉን፣ ወተቱንና ዘይቱን ምቱ። ደረቁ ላይ ገልብጡና በእንጨት ማንኪያ ከስር ወደ ላይ እያገላበጣችሁ አዋሕዱት። ዱቄቱ ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው አትክልቱንና አይቡን ጨምሩ፣ ጥቂት አገላብጡና ተዉት። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከድፎ ሊጥ ቀጠን ያለ ነው። ቢጓጉል ግድ የለም፣ ሲጋገር ይሟሟል። እጁ ሥራ የለመደ ሰው ለስላሳ ካልሆነ ብሎ ሲመታው ግን ሊጡ ይጎተታል፣ ማፊኑም ጎማ ይሆናል።

ትሪው ላይ የሚነጠፍ የኬክ ወረቀት አለ፤ አይብ ያለበት ሊጥ ግን ይጣበቅበታል። እኔ ኮባ ነው የማነጥፈው። እሳት ላይ ገረፍ ገረፍ አድርጋችሁ ስታለዝቡት ሳይሰበር ይታጠፋል፤ ሽታውም ከድፎ ዳቦ የምናውቀው ነው። ኮባ ከሌለ ዘይት ቀቡና ዱቄት ነስንሱ። ሊጡን በየጉድጓዱ እስከ አፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ሙሉና ከላይ ጥቁር አዝሙድ በትኑበት።

ከ20 እስከ 24 ደቂቃ ይበቃዋል። ስቴኪኒ ወግታችሁ ስታወጡ ነጭ ነገር ከያዘ ቶሎ አትፍረዱ፤ አይብ ስለማይቀልጥ የነካችሁት እሱ ሊሆን ይችላል። ሌላ ቦታ ውጉ። ሲወጣ ትሪው ውስጥ 5 ደቂቃ ብቻ ይቆይ። ከዚያ በላይ ከቆየ ላቡ ስሩን ያረጥበዋል፤ ስንሸሸው የነበረው ውሃ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው።

መብራት ከሄደ ወፍራም ብረት ድስት ከሰል ላይ ጣዱ። ውስጡ ጥቂት ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድራችሁ ክደኑትና በደንብ ይጋል። ሊጡን በትንንሽ የቆርቆሮ ኩባያዎች አድርጋችሁ ድንጋዩ ላይ አስቀምጡ፤ ክዳኑ ላይም ፍም አድርጉበት። ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ አናቱም የኦቨኑን ያህል አይቀላም።

ለጾም ቀን በአንዱ እንቁላል ፋንታ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩ፤ ለሁለት እንቁላል እጥፍ ነው። በወተቱ ፋንታ ውሃና 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ በአይቡ ፋንታ የተቀቀለ ሽንብራ ይገባል። ክብደቱ ጨመር ይላል፣ እንደ ዋናውም አይነፋም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው መቼም ጠዋት አይበላውም፤ ምሳ ዕቃ ውስጥ ነው የሚገባው።

አይብና አትክልት ስላለው በሐዋሳ ሙቀት ውጪ አያድርም። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ለማቆየት እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር አስገቡት። ስታሞቁት ብረት ምጣድ ላይ፣ በዝቅተኛ እሳት፣ ተከድኖ 5 ደቂቃ፤ መጨረሻ ላይ ክዳኑን አንሡለት፣ እንፋሎቱ ይውጣ።